ከጀርመን የመጣው ቦክስና ያልታየው ጠዋት

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ማመን ይገባኛል፤ ከምተርካቸው ነገሮች መካከል አንዳንዶቹ እኔ በማስታውስበት መልክ ያልተፈጸሙ ሊሆኑ ይችላሉ። ሙያውን ያስተማሩኝ የጋሽ ሙሉጌታ ቫን ነጭ ነበር ብዬ ስጽፍ ወዲያው ግራጫ ሆኖ ይታየኛል። ዴንቨር ውስጥ ሞንትቤሎ ሰፈር ያየሁትን ሳሎን አጎራባች ከተማ ኦሮራ ካየሁት ሌላ ሳሎን ጋር አምታታለሁ፤ የአንዱን ምንጣፍ አምጥቼ በሌላው ወለል ላይ አነጥፋለሁ። በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፊዚክስ ተምሬአለሁ። እዚያ ያስተማሩን ማንኛውንም መለኪያ ከመጠቀማችን በፊት ዜሮውን እንድናስተካክል ነው። የማስታወስ ችሎታዬን ዜሮ ግን በምን እንደማስተካክለው እስከ ዛሬ አላውቅም። ጡረታ ወጥቼ ይህን ለመጻፍ ስቀመጥ የገጠመኝ የመጀመሪያው ችግር ይኸው ነው።

ዴንቨር እንደመጣሁ የተቀጠርኩት በኤርፖርቱ መንገድ ላይ ባለ የመኪና ማቆሚያ ነበር፤ በጠባብ የመስታወት ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ትኬት እቀበላለሁ። ጋሽ ሙሉጌታን ያገኘኋቸው እዚያ አይደለም። በተከራየሁበት ቤት ጣሪያ ላይ ዲሽ ሲተክሉ ነው ያየኋቸው። በአገር ቤት ሳሉ የቴሌኮሙኒኬሽን ሠራተኛ ነበሩ፤ እዚህ ደግሞ በአንድ ቫንና በሁለት መሰላል የራሳቸውን ሥራ ይሠራሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሥራ ከሌለህ መሰላሉን ያዝልኝ» አሉኝ ከላይ።

«ሥራ አለኝ» አልኩ።

«ታዲያ እዚህ ቆመህ ምን ታያለህ? ለመሆኑ ምን ተምረሃል?»

«ፊዚክስ።»

«እሰይ! እንግዲያ መሰላሉ ለምን እንደሚንሸራተት ታስረዳኛለህ፤ እስከዚያው ግን ጥብቅ አርገህ ያዘው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «ፊዚክስ፣ ገመዱን ሳብ! ፊዚክስ፣ ወደ ግራ!» ነበር። ዕረፍት ቀኖቼን ከእሳቸው ጋር መሥራት ጀመርኩ፤ በኋላም ጠቅልዬ ገባሁ። ክፍያው በሥራው ልክ ነበር፤ በዝርዝር የምጽፈው የለኝም።

የምጽፈው ልማዶቻቸውን ነው። አንድ ቤት ስንደርስ ጋሽ ሙሉጌታ መሰላል ከማውረዳቸው በፊት ዛፎቹን ያያሉ። አንድ ጊዜ በጥር ወር ሰማዩ ወለል ብሎ የሚታይበት ግቢ ውስጥ እኔ ቦታ መርጬ ምልክት አደረግሁ። ጋሽ ሙሉጌታ ራቁቱን የቆመውን ትልቅ ዛፍ እየጠቆሙ «ይህ ሰውዬ በሜይ ምን ይለብሳል?» አሉኝ። አልገባኝም። «ቅጠል ነዋ! በሜይ ሞገዱ ተጋርዶባቸው ደውለው ሲሰድቡህ ስልኩን አንተ ታነሣለህ?» ቦታውን ቀየርን።

ሌላው ልማዳቸው ሪሞቱ ላይ ነበር። አዛውንት ባለበት ቤት ሁሉ ሪሞቱን በጥቁር ፕላስተር ይጠቀልሉና አምስት ቁልፎች ብቻ ክፍት ይተዋሉ። አጠቃቀሙንም ለቤቱ አባወራ ወይም እንግሊዝኛ ለሚያውቁት ልጆች ሳይሆን ቀን ቀን ቤት ለሚውለው ሰው ነው የሚያሳዩት። አሳይተው ሲጨርሱ ሪሞቱን ይሰጡና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆማሉ። ሰውየው ሦስት ጊዜ ራሱ ካላበራና ካላጠፋ ከቤቱ አይወጡም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የምግቡ ነገር ነበር። የእኛ ሰው ቤት ገብቶ ሳይበሉ መውጣት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ጋሽ ሙሉጌታ አንድ ሙሉ ፕሮግራም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በደንበኛው ቴሌቪዥን ላይ፣ ደንበኛው ሊያይ በፈለገው ጣቢያ ሳይታይ በፊት ጉርሻ እንኳን አይቀበሉም። «እመቤቴ፣ እጄ ቆሻሻ ነው፤ ሥራዬም አላለቀም» ይላሉ። ሴቶቹ ይቆጣሉ፣ ይለምናሉ፣ አንዳንዶቹም ይቀየማሉ። እኔ አፍሬ መሬት መሬት አያለሁ።

አንድ ቀን በቫኑ ውስጥ «ጋሽ ሙሉጌታ፣ ሰው ያስቀይማሉ እኮ» አልኳቸው።

«አየህ፣ ፊዚክስ፣ ከበላህ በኋላ እንግዳ ነህ። እንግዳ ደግሞ የሰው ዕቃ አይፈትሽም።»

ይህን ማለታቸውን እርግጠኛ ነኝ። ቫኑ ነጭ ይሁን ግራጫ ባላስታውስም ይህን አልረሳሁም።

ጋሽ ሙሉጌታ ጉልበታቸው ደክሞ ሥራ ሲያቆሙ እኔ ዴንቨር መሐል ከተማ ባለ ትልቅ ሆቴል የቴሌቪዥን ጥገና ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። አለቃዬ ስልክ የሚጠላ ሰው ነበር፤ ጠዋት ስንገባ ስልካችንን ሎከር ውስጥ እንቆልፋለን፤ እስከ ምሳ ሰዓት አናየውም። ዕረፍት ቀኖቼን ደግሞ የጋሽ ሙሉጌታን ደንበኞች እየዞርኩ እሠራ ነበር። በዚያን ጊዜ ሙያው እጄ ላይ እየተለወጠ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ራሴ የተከልኳቸውን ዲሾች ራሴ አወርድ ጀመር። በእነሱ ፈንታ የእጅ መዳፍ የምታህል፣ ከኢንተርኔት የምትስብ ጥቁር ቦክስ መጣች። ማንም ሰው ከሱቅ ገዝቶ ራሱ ይሰካታል። እኔ የምጠራው የይለፍ ቃሉ ሲረሳ ብቻ ሆነ።

ጋሽ ተካልኝ የጠሩኝ እንዲህ ግራ በተጋባሁበት ወቅት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር የ2010ዎቹ መጨረሻ ይመስለኛል። ሞንትቤሎ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ጽጌ ጋር ይኖራሉ፤ የቀድሞ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናቸው። ኩላሊታቸው ታሞ በሳምንት ሦስት ቀን ለዲያሊሲስ፣ ለደም እጥበት፣ ይሄዳሉ። ሴት ልጃቸው ሰላማዊት ሆላንድ አገር ስለ ከርሰ ምድር ውኃ ስታጠና ቆይታ የዶክትሬት ጽሑፏን በጉባኤ ፊት የምትከላከልበት ቀን ደርሶ ነበር። አባት አውሮፕላን መሳፈር አይችሉም። ዩኒቨርሲቲው ግን ሥነ ሥርዓቱን በኢንተርኔት በቀጥታ ያሳያል፤ ቅጂውን ግን አያስቀምጥም ተብሏል። ጋሽ ተካልኝ የፈለጉት ያንን አንድ ሰዓት ማየት ነበር።

ነገሩ ቀላል ነው ብዬ ሁሉም ሰው የሚገዛውን ቦክስ ይዤ ሄድኩ። ስክሪኑ ላይ የውል ጽሑፍ መጣ። ሰው ሁሉ ሳያነብ «እስማማለሁ» የሚለውን ይጫናል።

«ቆይ» አሉኝ ጋሽ ተካልኝ፤ መነጽራቸውን አደረጉና ወንበራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጉ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡት። በሙያ ዘመኔ ያንን ጽሑፍ ያነበበ ሌላ ሰው አላየሁም።

«የማየውን ነገር ይመዘግባል ይላል» አሉ።

«ጋሽ ተካልኝ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው። ለማስታወቂያ ነው እንጂ…»

«ስማኝ። በደርግ ጊዜ የትኛውን ሬዲዮ እንደምሰማ የቀበሌ ሰው ጎረቤቴን ጠየቀው። ጎረቤቴ ተናገረ። ስምንት ወር ታሰርኩ። ከዚያ በኋላ ለራሴ የገባሁት አንድ ቃል አለ፤ የማየውንና የምሰማውን የሚጽፍ ነገር ቤቴ አይገባም። ስልኬ እንኳን ይኸው ባለ ቁልፍ ነው። ይህን ንቀልልኝ።»

«ታዲያ ሰላማዊትን በምን ያያሉ?»

«አውሮፓውያን በዚህ ነገር ላይ ጠንካራ ሕግ አላቸው ይባላል። የነሱን ፈልግልኝ። የተማርክ ሰው አይደለህ?»

ወይዘሮ ጽጌ ከወጥ ቤት ሆነው «ልጁን አታስቸግረው፣ እንግዲህ ማን አንተ የምታየውን ቁጭ ብሎ ይመዘግባል!» አሉ። ልጁ የተባልኩት እኔ ነኝ፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነበር።

ከዚያ የተከተሉት ሳምንታት በሕይወቴ እጅግ ግራ የተጋባሁባቸው ናቸው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ከታወቁት የአሜሪካ ቦክሶች ሌላ አውሮፓ የተሠራ ምን አለ? ፍለጋው ግን እንደ ሽንኩርት ነበር። አንዱ ቦክስ ስሙ የአውሮፓ ነው፤ ውስጡ ያለው ሶፍትዌር ግን እዚሁ አሜሪካ የተሠራው ነው፤ ውሉም ያው ነው። ሌላው ፈረንሳይ አገር ይገኛል፤ የሚሰጠው ግን የዚያን አገር የኢንተርኔት መስመር ለተከራየ ሰው ብቻ ነው። ሦስተኛው ከኋላው በርካታ የአንቴና ቀዳዳዎች አሉት፤ የአሜሪካ አንቴና የሚያመጣውን ሞገድ ግን አያነብም። አንድ ዕቃ አውሮፓዊ የሚባለው በባለቤቱ ነው፣ በተቀየሰበት ቦታ ነው ወይስ በተገጣጠመበት? የሚገዛለት ሕግስ የአምራቹ ነው የደንበኛው? እስከ ዛሬ መልሱን አላውቅም።

በመጨረሻ ጀርመን አገር ያለ አንድ ትንሽ ድርጅት የሚሸጠው ቦክስ አገኘሁ። ሶፍትዌሩ ለማንም ክፍት ነው፤ ስምም ሆነ ኢሜይል አይጠይቅም፤ የሚታየውን ወደ የትም አይልክም። በፖስታ መጣ። መሰኪያው ባለ ሁለት ክብ ጥርስ ነበር፤ አሜሪካ ግድግዳ ላይ አይገባም፤ ሌላ መሰኪያ ገዛሁለት። ሳበራው በጀርመንኛ አናገረኝ። ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። አማርኛ ሳስገባበት ደግሞ በየፊደሉ ፈንታ ባዶ አራት ማዕዘን ደረደረ። ለጋሽ ተካልኝ የጣቢያዎቹ ስም በአማርኛ እንዲሆን ፈልጌ ስለ ነበር የግዕዙን ፊደል ፈልጌ እስክጭንበት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በመጨረሻ ለዩኒቨርሲቲው ገጽ የሰጠሁት «ሰላማዊት» የሚለው ስም ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ክዳኑን ከፍቼ ውስጡን ሳየው ግን ሰሌዳው ላይ ቻይና እንደ ተሠራ ተጽፏል። ይህን መደበቅ አልፈለግሁም፤ ወስጄ ነገርኳቸው።

ጋሽ ተካልኝ ሳቁ። «ደሜን የሚያጥበው ማሽንም የጀርመን ነው ይሉኛል፤ እሱንም ከፍቼ አላየሁትም። ሁለቱም ከሠሩልኝ ይበቃኛል።»

የተከልኩበት ቀን ዕረፍቴ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሴንቴኒያል በምትባል አጎራባች ከተማ ሌላ ሥራ ይጠብቀኛል። ቦክሱን ከቴሌቪዥናቸው ጋር አገናኘሁ፤ ሜኑው ጥርት ብሎ ወጣ። አንድ የስብከት ጣቢያ ከፈትኩ፤ ሠራ። የአሜሪካ ዜና ከፈትኩ፤ ሠራ። ሪሞቱን በጥቁር ፕላስተር ጠቅልዬ አምስት ቁልፍ ተውኩ። የቀረኝ የዩኒቨርሲቲውን ገጽ መክፈት ብቻ ነበር፤ በዚያው ሰዓት የሌላ ተማሪ ሥነ ሥርዓት በቀጥታ እየታየበት ነበር። ሪሞቱ እጄ ላይ ሳለ ወይዘሮ ጽጌ ትሪውን ይዘው ገቡ።

«እጄ ቆሻሻ ነው» አልኩ፤ የጋሽ ሙሉጌታን ቃል።

«ሳሙና አለ» አሉ ወይዘሮ ጽጌ።

«ሥራዬ አላለቀም።»

ጋሽ ተካልኝ ትሪውን አዩ፣ ከዚያ እኔን። «ጨው ተከልክያለሁ፣ ቲማቲም ተከልክያለሁ፣ ውኃ እንኳን በልክ ነው። ሰው ሲበላ ማየት ግን አልተከለከልኩም። እስቲ ብላልኝ።»

እንዲህ ለሚል ሰው ምን ይባላል? ታጠብኩ፤ ተቀመጥኩ። ጋሽ ተካልኝ ማዕድ ሊባርኩ ብድግ ሲሉ ወይዘሮ ጽጌ እንደ ልማዳችን ቴሌቪዥኑን አጠፉት። ከጸሎቱ በኋላ በላሁ። ጋሽ ተካልኝ እያንዳንዱን ጉርሻዬን በዓይናቸው እየተከተሉ ስለ ሰላማዊት አወሩኝ፤ ኦሮራ ሃይስኩል እያለች የሰፈሩን ቦይ ውኃ በጠርሙስ እየቀዳች ፍሪጅ ውስጥ እንደምታስቀምጥ፣ እናቷም እንደምትጮህባት። ሰው ስለ ልጁ ሲያወራ ተነሥቼ ሪሞት ላነሣ አልቻልኩም። የሴንቴኒያሉ ሰዓት ደረሰ። መርቀው ሸኙኝ። ቴሌቪዥኑ እንደ ጠፋ ነበር።

ቀኑ ሲደርስ እኔ ሆቴል ነበርኩ። ሥነ ሥርዓቱ እዚያ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እዚህ ገና ጠዋት። ምሳ ሰዓት ላይ ሎከሬን ስከፍት ስልኬ ላይ ሰባት ያልተመለሱ ጥሪዎች አየሁ። ስምንት ይሁኑ ሰባት አሁን አልምልም።

ደወልኩ። ጋሽ ተካልኝ ራሳቸው አነሡ።

«ምን ሆነ፣ ጋሽ ተካልኝ?»

«ጥቁር ሆነ። ገጹን ስከፍተው ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። እንግሊዝኛ ጽሑፍ መጥቶ ጠፋ።»

«አላዩአትም?»

«አላየኋትም። ሰማኋት ግን።»

«ምኑን ሰሙ?»

«ድምፅዋን ነዋ። ሁሉንም መለሰችላቸው። በመጨረሻ በአማርኛ ‹አባዬ፣ ታየኛለህ?› አለች። እኔም ለጥቁሩ ስክሪን ‹እሰማሻለሁ› አልኩት። አትጨነቅ፤ በቃ አለፈ።»

ስልኩን መልሼ ሎከር ውስጥ ቆለፍኩት። አልተናገርኩም እንጂ አላመንኳቸውም። ከቦክሱ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚሄደው ገመድ አንድ ነው፤ ምስሉንም ድምፁንም የሚሸከመው እሱ ነው። ቴሌቪዥኑ ያልተቀበለውን ምስል ድምፁን ብቻ ለይቶ እንዴት ይቀበላል? በሠራሁባቸው ዓመታት ያየሁት ሁሉ እንደዚያ አልነበረም፤ ሲሄዱ አብረው ይሄዳሉ። የተናገረችውን ቃል ደግሞ በኋላ በስልክ ነግራቸው ሊሆን ይችላል። ጥፋቴ እንዳይከብደኝ፣ ይሉኝታ ይዟቸው የነገሩኝ ነው ብዬ ደመደምኩ።

በማግሥቱ ሄድኩ። ወይዘሮ ጽጌ በር ላይ ተቀበሉኝ።

«አንድ ሰዓት ሙሉ!» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አንድ ሰዓት ሙሉ ጥቁር ነገር ፊት ቁጭ። ተነሥ ብለው እምቢ። ከረባቱን እንዳሰረ።»

«ድምፅስ ነበረው?»

«እኔ እንጃ። እኔ ስልኩን ይዤ ውጭ በረንዳ ላይ አንተ ጋ ስደውል አይደል እንዴ የነበርኩት!»

ችግሩን ለማግኘት ብዙ አልፈጀብኝም፤ ያን ቀን የሚተላለፍ ሥነ ሥርዓት ባይኖርም ሜኑውን አይቼ ደረስኩበት። አሜሪካ የሚሸጥ ቴሌቪዥን ምስልን በሰከንድ ስልሳ ጊዜ እንዲያድስ የተሠራ ነው፤ የአውሮፓው ሃምሳ ጊዜ ነው። ቦክሱ ብልህ ስለ ሆነ የሚመጣለትን ምስል አይቶ የራሱን ፍጥነት ይቀይራል። ስብከቱና የአሜሪካው ዜና በስልሳ ስለ መጡ ምንም አልሆኑም። የሆላንዱ በሃምሳ መጣ፤ ቦክሱም ወደ ሃምሳ ተቀየረ፤ የጋሽ ተካልኝ ቴሌቪዥን ሃምሳን አያውቅም። ሜኑው ውስጥ ፍጥነቱን የሚያስቀይረውን አንድ መስመር ማጥፋት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ ያን ጊዜ አጠፋሁት። እኔ ቤት ስሞክረው ችግሩ ያልታየኝ የእኔ ቴሌቪዥን ሁለቱንም ስለሚቀበል ነው።

ቦክሱን ልመልሰው፣ ሌላ ላምጣ ብዬ ለመንኳቸው። ጋሽ ተካልኝ እምቢ አሉ። «ዕቃው ምን አጠፋ?» አሉኝ።

ከዚያ ወደ ጋሽ ሙሉጌታ ሄድኩ። ሶፋቸው ላይ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል። ስለ ሃምሳውና ስለ ስልሳው፣ ስለ ገመዱ፣ ስለ ሜኑው ሁሉንም በፊዚክስ ቋንቋ አስረዳኋቸው። ሰምተው ሲጨርሱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«በልተህ ነበር?»

«በልቼ ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ ስለ ጉልበታቸው አወሩኝ። ነገሩን ዳግመኛ አላነሡብኝም።

ጋሽ ተካልኝ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አረፉ። ሰላማዊት ለቀብሩ መጥታ ነበር፤ ልጠይቃት ፈልጌ ተውኩት። በለቅሶ ቤት አንዲትን ልጅ «ያንን ቃል በዕለቱ ለአባትሽ በስልክ ደግመሽለት ነበር?» ተብሎ ይጠየቃል? ወይዘሮ ጽጌ ቤቱን ሲለቁ ቴሌቪዥኑንና ቦክሱን ለእኔ ሰጡኝ። «አንተ ታውቅበታለህ» አሉኝ። ማወቄን ግን እኔ ራሴ እጠራጠር ነበር። ጋራዤ ውስጥ በአንሶላ ሸፍኜ አስቀመጥኳቸው።

አሁን ጡረታ ወጥቼ ይህን ስጽፍ አንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ደርሼ ቆምኩ። «ጋሽ ተካልኝ ለእኔ ሲሉ ዋሹ» የሚል ነበር። ስለ ቫኑ ቀለም ልሳሳት እችላለሁ፤ በሞተ ሰው ላይ ይህን ያህል ቃል በግምት መጻፍ ግን ከበደኝ። ብዕሬን አስቀምጬ ወደ ጋራዥ ሄድኩ። አንሶላውን ገፈፍኩ። ያንኑ ቴሌቪዥን ከዚያው ቦክስ ጋር በዚያው ገመድ አገናኘሁ፤ ያጠፋሁትን መስመር መልሼ አበራሁ። ሪሞቱ አሁንም በጥቁሩ ፕላስተር እንደ ተጠቀለለ ነው። ቁርስ እንኳን አልቀመስኩም ነበር። ከሆላንድ በቀጥታ የሚተላለፍ አንድ የዩኒቨርሲቲ ሥነ ሥርዓት ፈልጌ ከፈትኩ።

ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ መጥቶ ጠፋ። ከዚያ አንዲት የማላውቃት ሴት በእንግሊዝኛ ስለ ድልድይ ብረት ስትናገር ተሰማኝ፤ ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማል። የፕላስቲክ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና እስክትጨርስ ሰማኋት። በማግሥቱ በሌላ ሥነ ሥርዓት ደገምኩት። ያ ቴሌቪዥን ምስሉን አይቀበልም፤ ድምፁን ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያሰማል።